ለመንገዱ 15 እጥፍ፣ ለድርቁ ስንት?

የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ገርጂ ባለ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ወሩ ሊያልቅ ሲል ፔሮል የምሠራው፣ የሥራ ግብሩን፣ ጡረታውንና ብድሩን ቆርጬ የተጣራውን ወደ ባንክ የምልከው እኔ ነኝ። እናም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድን የሚያቋቁመውን አዋጅ ሲያጸድቅ፣ ለሌላው ሰው የማታ ዜና የሆነው ነገር ለእኔ የነገ ሥራ ነበር። አዋጁ ለአደጋ ጊዜ የሚሆነው ገንዘብ ከሚሰበሰብባቸው ምንጮች አንዱ የመንግሥትና የግል ሠራተኛው ደመወዝ እንዲሆን ደንግጓል፤ ስንት እንደሚቆረጥ ግን ለደንብ ትቶታል። ቢሮ ስገባ ደንቡ ወጥቶ ያደረ ይመስል ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ሆነ፦ «እህትዓለም፣ ስንት ልትቆርጪብን ነው?»

እኔ መቆረጡን አልጠላሁትም። ኑሮው እንዴት እንደከበደ አውቃለሁ፤ የባልደረቦቼ የተጣራ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም የሚያበላን ገበሬ ዝናብ ሲከዳው የባዕድ ስንዴ የጫነ መርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ ከሚጠብቅ እኛው ብናዋጣለት ይሻላል። ዩኤስኤአይዲ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ መርከቡን መጠበቅም አያዋጣም። እኔን ያሳሰበኝ የሂሳቡ ሌላኛው ዓምድ ነው። ገንዘቡ ከእኛ ሲወጣ ቀኑም መጠኑም የተወሰነ ይሆናል፤ ሠራተኛው ደመወዙን ሳያይ መዋጮው ሄዷል። ገበሬው እጅ የሚገባበትን ቀንና መጠን ግን ማን፣ የት ላይ ጽፎታል?

ጥያቄው ከሜዳ ተነሥቶ የመጣብኝ አይደለም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከመግባቴ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ወሎ ውስጥ ስሙን በማልጠቅሰው ወረዳ የሴፍቲኔት ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ ነው የተነሣው፤ ኋላ 8 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ሐሳቡ ደግ ነበር። በየዓመቱ እንደሚቸገር የታወቀ ሰው በየዓመቱ አዲስ ልመና ሊለመንለት አይገባም፣ በበጀት ይያዝ ነው ነገሩ። ጉልበት ያለው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ጉልበት የሌለው በቀጥታ ይደገፋል። የቀን ሒሳቡ ያኔ 6 ብር ነበር፤ የተሰላውም 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው። ለ6 ወር ሲደመር በነፍስ ወከፍ 180 ብር፣ አምስት ነፍስ ላለው ቤት 900 ብር ይመጣል። ትንሽ ነው፤ ግን በወቅቱ ከደረሰ በሬ ያስቀራል።

ክፍያው የሚፈጸመው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ ግራር ሥር በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በግራዬ ፔሮሉ፣ በቀኜ ገንዘቡ፣ መሐል ላይ ሰማያዊው የማኅተም ቀለም። የልማት ሠራተኛው ስም ይጠራል፤ ባለስሙ ካርዱን ይዞ ይቀርባል፤ ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፤ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጎ ስሙ ትይዩ ያሳርፋል። የብዙዎቹ አሻራ አይወጣም ነበር። ድንጋይ ሲፈነቅልና አፈር ሲዝቅ የከረመ ጣት መስመሩ ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ድፍን ሰማያዊ ክብ ነው። ኦዲተር መጥቶ «ይህ አሻራ ነው ትያለሽ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሌላ ከፋይና ተከፋይ ነበር። ኮት የደረበ፣ ትንሽ ደብተር የያዘ የከተማው እህል ነጋዴ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ማንም አይደብቀውም። ገበሬው ከጠረጴዛዬ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ብሩ በእጁ ሳይሞቅ ይሻገራል፤ ነጋዴው ደብተሩ ላይ ይሰርዛል። ክፍያው በዘገየባቸው ወራት በዱቤ የተወሰደው እህል ከነወለዱ እየተመለሰ ነው። መንግሥት ለገበሬ የከፈለው ገንዘብ ጥቂት እርምጃ ርቆ የነጋዴ ገንዘብ ይሆናል። የእኔ ሰነድ ላይ ግን ሁሉም አምሯል፤ ክፍያው ተፈጽሟል፣ ሂሳቡ ተወራርዷል፣ ሪፖርቱ ወደ ዞን ሄዷል።

አንድ ቀን የሚያዝያውን ክፍያ ክረምት ገብቶ ስንከፍል አንድ አዛውንት ብራቸውን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ አልነሣ አሉ። «እታለም፣» አሉኝ፣ «የሚያዝያው ለሐምሌ ከመጣ፣ በሚያዝያ የበላነውን ማን አበላን ብለሽ ጽፈሻል?» የሚመለስ ነገር አልነበረኝም። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ለምን እንደሚዘገይ ግን አውቅ ነበር፤ ሌባ ስላለ ብቻ አልነበረም። ቀበሌው ማን ስንት ቀን እንደሠራ ይመዘግባል፤ የልማት ሠራተኛው ያረጋግጣል፤ የወረዳው የምግብ ዋስትና ክፍል ያጸድቃል፤ ፋይናንስ ፔሮሉን ይሠራል፤ ጥያቄው በዞን በኩል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ገንዘቡ ሲመለስ ደግሞ ያለፈውን ያላወራረደ አዲሱን አያገኝም። አንድ ቀበሌ ሰነዱን ካቆየ ሌሎቹ ቀበሌዎች ሁሉ ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ፊርማ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ አንዱንም አውጡት ብትሉኝ እከራከራችኋለሁ። ሲደራረብ ግን የገበሬውን በሬ ይበላል። ሠራተኛው ሁሉ ሕጉን ጠብቆ ሠርቶ ውጤቱ ጥፋት የሚሆንበት ሥራ እንደዚያ አላየሁም።

ሴፍቲኔት አስቀድሞ የተመዘገበውን ሰው ነው የሚይዘው። ድንገተኛው ድርቅ ሲመጣ ያለው መንገድ ከዚህም ይረዝማል። የክረምቱ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይቀራል። ገበሬው በመስከረም ማሳውን አይቶ ያውቃል፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። የምርት ግምገማው ቡድን የሚወጣው በኅዳር ነው፤ የተረጂው ቁጥር ይፋ የሚሆነው በታኅሣሥ ወይም በጥር፤ ለጋሽ ቃል ገብቶ፣ ስንዴው ተገዝቶ፣ ተጭኖ ወረዳ የሚደርሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በ2007 እና በ2008 የሆነውን አስታውሱ። በጥር 2007 አስቸኳይ እርዳታ ፈላጊው 2.9 ሚሊዮን ነበር። የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ በነሐሴ 4.5 ሚሊዮን ተባለ፣ በጥቅምት 8.2፣ በታኅሣሥ 10.2። መንግሥት ያን ጊዜ ከራሱ ካዝና ብዙ እንዳወጣ አልክድም፤ የ1977ቱን ዓይነት እልቂት ያላየነውም በዚህና በሴፍቲኔቱ ምክንያት ነው። ግን ቁጥሩ በዘለለ ቁጥር መሐሉ ላይ የነበሩት ወራት ባዶ አልነበሩም። በእነዚያ ወራት ቤተሰብ ከብቱን ሸጧል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቷል፣ ወጣቱን ወደ ከተማ ልኳል።

በሬው የት እንደሚሄድ ለማወቅ ወሎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከወሎና ከሰሜን ሸዋ የሚነሣው የከብት ጭነት በደብረ ብርሃን መንገድ አድርጎ በምሥራቁ የከተማችን በር ይገባል፤ የካራ ከብት ገበያ ያለው እዚሁ በእኛ በኩል ነው። የቅርጫ ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ ለበዓል በሬ ሊገዛ ሲኬድ ወንዶቹ ይዘውኝ ይሄዳሉ። በደህና ዓመት ገበያው ላይ የሚበዛው ለሥጋ የደለበ ሰንጋ ነው። በመጥፎ ዓመት ሌላ ዓይነት በሬ ይታያል፤ ጎኑ የተጣበቀ፣ ጫንቃው ላይ ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል የደነደነ። ቀንበር የተሸከመበት ቦታ ነው። ገበሬ እንዲህ ያለውን በሬ ለበዓል ብሎ አይሸጠውም፤ ጥንዱን ለማፍረስ የሚደርሰው ሌላ የሚሸጥ ሲያጣ ነው። የእኛ ሰዎች ጫንቃውን ዳሰስ አድርገው «አራሽ ነው፣ ሥጋው ይጠነክራል» ይሉና ዋጋ ያወርዳሉ። ድርቁ ለእኛ ቅናሽ ሆኖ ይደርሰናል።

ጥንዱ የፈረሰበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢያምርም አያርስም። መሬቱን በሬ ላለው ሰው የእኩል ይሰጣል፤ ግማሹን ምርት ይሰጣል ማለት ነው። በቀረው ግማሽ ዓመቱን ይገፋበታል እንጂ በሬ አይገዛበትም። የአንድ ክረምት ድርቅ ሦስትና አራት ዓመት የሚበላው በዚህ መንገድ ነው። ስንዴው በመጋቢት ሲመጣ ሰውየውን ከሞት ያድነዋል፤ ገበሬነቱን ግን አያድነውም። የነፍስ ወከፉ ወርኃዊ ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ከዚህ ላይ በሬ አይጠራቀምም።

አሁን ወደ ራሴ ደጅ ልመለስ። እኔ የምኖርበት ሕንፃ የቆመበት ቦታ የእርሻ ማሳ ነበር። ቦሌ አራብሳ፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ ለሚ፣ የካ አባዶ፣ የዛሬው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ አብዛኛው ክፍል፣ ሁሉም ገበሬ የተነሣበት ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለመንገድም ሆነ ለሕንፃ መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ይከፈለው ይላል። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛዋል። ፍትሐዊ ነበር እያልኩ አይደለም። ገንዘቡ አንሶባቸው፣ ወይም በአንድ ጊዜ እጃቸው ገብቶ በአንድ ጊዜ ወጥቶ፣ የራሳቸው ማሳ በነበረው ግቢ ውስጥ ዘበኛ ሆነው የቀሩ አባቶች በሠፈራችን አሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያን ሁሉ ቁጣ ያየችውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቢሆንም ያ ገበሬ የሚከራከርበት ቁጥር ነበረው። «አማካዩን አሳስታችሁ ይዛችኋል፣ እጥፉን አጉድላችኋል» ብሎ አቤት የሚልበት አንቀጽ ነበረው።

ማሳውን ድርቅ የወሰደበት ገበሬ ግን ምን ብሎ ይከራከር? ምርቱ ያው ምርት ነው፤ የጠፋውም ያው ገቢ ነው። መንገድ ሲወስድበት በሕግ የተጻፈ ቀመር አለን፤ ሰማይ ሲከለክለው ያለን ኮሚቴ ነው። የመጀመሪያው ካሳ ይባላል፣ መብት ነው፤ ሁለተኛው እርዳታ ይባላል፣ ችሮታ ነው። መንግሥት ዝናቡን አልከለከለም፣ መሬቱን ግን ወስዷል፣ ስለዚህ አይመሳሰሉም የሚለኝ የሕግ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፤ አይመሳሰሉም። ለዚህም ነው 15 እጥፍ የማልጠይቀው። የምጠይቀው አንድ ቁጥርና አንድ ቀን ነው።

ይህ ደግሞ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የድርቅ ካርታ በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣል። አንድ ካውንቲ፣ የእኛን ወረዳ በሉት፣ በሰብል ወቅት በካርታው ላይ ከባድ ድርቅ በሚባለው ደረጃ 8 ተከታታይ ሳምንት ከቆየ የአደጋ አካባቢ ተብሎ ይታወጃል፤ ገበሬው ለአስቸኳይ ብድር ብቁ ይሆናል። ግጦሹ ለደረቀበት ከብት አርቢ ደግሞ የሚከፈለው በዚያው ካርታ ነው፤ ደረጃው በከፋ መጠን የሚከፈልበት ወር ይጨምራል። አርቢው ራሱ ካርታውን አይቶ የሚደርሰውን ያሰላል። «እነሱ ሀብታም ናቸው» ካላችሁኝ ጎረቤታችን ኬንያ አለች። በቱርካና፣ በማርሳቢት፣ በማንዴራና በዋጂር ለአርብቶ አደሩ ቀድመው የባንክ ሂሳብ ከፈቱለት፤ ሳተላይቱ ሣሩ ከተወሰነ ልክ በታች እንደወረደ ሲያሳይ በአገራቸው ሴፍቲኔት ውስጥ ላልነበሩት ቤተሰቦችም ጭምር ገንዘብ ይገባል። ቡድን ወጥቶ፣ አበል ተከፍሎት፣ ሪፖርት እስኪጽፍ አይጠበቅም።

እኛም ጀማምረናል። በ2001 ትግራይ ውስጥ አዲ ሐ በምትባል ቀበሌ 200 ያህል ገበሬዎች ለጤፋቸው የዝናብ መድን ገቡ፤ ከፊሎቹ ዓረቦኑን የከፈሉት በጉልበታቸው ነው። በ2004 ቦረና ውስጥ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በሳተላይት መረጃ የሚሠራ የከብት መድን ጀመረ። በሶማሌ ክልል ከ2010 ጀምሮ ለአርብቶ አደሩ ከብቱ ከመሞቱ በፊት ለመኖና ለውኃ የሚሆን ክፍያ በዚሁ ዘዴ ተሞክሯል። ሁሉም ፕሮጀክት ናቸው፤ ለጋሹ ሲሄድ ይከስማሉ፣ ሌላ ለጋሽ ሲመጣ በሌላ ስም ይነሣሉ። አሁን የራሳችን ፈንድ አለን። የሳተላይቱ መረጃ አለ፣ የሜትሮሎጂው ጣቢያ አለ። የጎደለው «ይህ ምልክት ሲታይ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይህን ያህል ብር ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ነው። መዋጮውን በቀን ወስኖ መሰብሰብ የሚችል መንግሥት ክፍያውንም በቀን ወስኖ መፈጸም ይችላል።

ካልተጻፈ የሚሆነውን ደግሞ እናውቀዋለን፤ ገንዘቡ ዓይን ወደ ሳበው አደጋ ይሄዳል። በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስታወቱን ደፍኖበት ድሬዳዋ ማረፍ አቃተውና ቦሌ መጥቶ አረፈ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ያው አንበጣ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ሰብል ማጥፋቱና 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ለምግብ እርዳታ መዳረጉ በጥናት የተነገረው ግን ከወራት በኋላ፣ በሚያዝያ ነው፤ ያን ዜና ያነበበ ስንት ሰው እንደሆነ እንጃ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲቀብር አገሩ በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዋጣ፤ ይገባል። ታኅሣሥ 2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ የእኛን ኮንዶሚኒየም ሲነቀንቀው በሌሊት ልብሳችን ደረጃውን ወረድን፤ የአዋሽ ፈንታሌ ሰው ሁኔታ ያን ሰሞን የአዲስ አበባ ወሬ ሆነ። ድርቅ ግን ሕንፃ አይነቀንቅም። በ2015 ክረምት ዝናብ የቀረበት የሰሜኑ ገበሬ፣ በዚያ ላይ ጦርነት የተደረበበት፣ አገር የሰማለት በጥር 2016 ነው፤ ያውም የእንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልል ወደ 400 የሚጠጋ ሰው በረሃብ መሞቱን ሲናገር።

ገንዘብ ወይስ እህል የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኔ ወደ ገንዘቡ አደላለሁ፣ ግን በጭፍኑ አይደለም። አማርትያ ሴን የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር ያገኘው ነገር ያኔ ብዙዎችን አስደንግጧል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው የሚገዛበት አጥቶ ነው እህል በዓይኑ ሥር እያለፈ የተራበው። ዛሬ በሬው የሚመጣበት ያው የደሴ መንገድ ነው። በ1977 የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ከቦሌ እየተነሡ እህል ሲጥሉ ገንዘብ ብንሰጥስ ያለ ሰው ቢኖር እብድ ይመስል ይሆናል፤ ግን በዚያው ዘመን ዩኒሴፍና የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በጥቂት ቦታዎች ለገበሬ ከእህል ይልቅ ብር ሰጥተው፣ እህሉ ከአቅራቢያው ገበያ መጥቷል። ሌላውን ደግሞ ያየሁት በራሴ ጠረጴዛ ነው። በ2000 የቀኑ ክፍያ ከ6 ወደ 8 ብር ሲያድግ የእህሉ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቶ ነበር፤ 3 ኪሎው በ8 ብር የማይታሰብ ሆነ። ያን ዓመት ሰልፈኛው ሁሉ «ስንዴውን ስጡን» ይል ነበር፤ ልክም ነበረ። ስለዚህ ደንቡ ብሩን በኪሎ ይለካው፤ በየወሩ የወረዳው ገበያ ዋጋ ተይዞ ክፍያው አብሮ ይውጣና ይውረድ። የገበያ ዋጋ የሚመዘግብ ሠራተኛ በየወረዳው አለ፤ ምዝገባው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ስርቆቱስ? አልሸሸውም። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ዩኤስኤአይዲ እህሉ እየተዘረፈ ነው ብለው እርዳታውን በአገር ደረጃ አቆሙት፤ እንደገና እስኪጀመር ወራት ፈጀ፣ የቀጣውም ሌባውን ሳይሆን ተረጂውን ነው። የተሰረቀው እህል ነበር፤ መጋዘን፣ ሚዛን፣ ጫኝና አውራጅ ባለበት ሁሉ ቀዳዳ አለ። ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ በቀጥታ ከሄደ ቀዳዳው ይጠባል። ኢንተርኔት የለም ለሚለኝ፣ ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ዛሬ በግ ሽጦ ገንዘቡን በስልኩ የሚቀበል የወሎ ገበሬ አለ። ስልክ የሌላት አሮጊት ትኖራለች፤ ለእሷ ጠረጴዛና ሰማያዊ ቀለም ይቀመጥ። የወረዳው ባንክ ጥሬ ገንዘብ ያልቅበታል፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው፣ ቀኑ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ባንኩም አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከሁሉም በላይ ዝርዝሩ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ብር፣ የተከፈለበት ቀን። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ዝርዝር ሲለጠፍ ሊቀመንበሩ የከተተው ያልተቸገረ ዘመድ በሁለት ቀን ውስጥ ይታወቅ ነበር። ገበሬ ስለ ጎረቤቱ ከብት የሚያውቀውን ያህል ኦዲተር አያውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱም ደንቡን ለሚያረቁት ሰዎች ነው። የቦሌ አራብሳው ካሳ የተከፈለው ስሙ በይዞታ ሰነዱ ላይ ላለ ሰው ነው። በእኩል ያርስ የነበረው ጎልማሳ፣ ከብት ጠባቂው፣ ከአባቱ ጓሮ ጎጆ ቀልሶ መሬት ያልደረሰው ወጣት ባዶ እጁን ነው የወጣው፤ ቀመሩ ስለማያውቀው። የድርቁ ክፍያ የመሬት ደብተር ላይ ያለውን ስም ብቻ ተከትሎ ከሄደ ያው ይደገማል። በሬው አልቆበት መሬቱን የሰጠው ባለ ደብተር ይከፈለዋል፤ ዘሩንና ጉልበቱን ያወጣው የእኩል አራሽ ምንም አያገኝም። ወሎ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት መሬት በአብዛኛው የሚታረሰው በእኩል ነው፤ ሁለቱም ቤት በአንድ ክረምት ይራባል። ስለዚህ ክፍያው በማሳ ሳይሆን በቤተሰብ ይቆጠር፤ ምዝገባው በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት፣ በግንቦት ይታደስ፤ የእኩል አራሹም ለብቻው ይመዝገብ። ይህ በደንቡ ውስጥ ካለ፣ ለባልደረቦቼ ስንት እንደምቆርጥባቸው ነግሬ፣ የተቆረጠው የት እንደደረሰ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር አሳያቸዋለሁ።